በቤት ውስጥ ስለሚታዩ የቀድሞ ፊልሞችና ስለ ሰብሳቢዎቻቸው

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር



የበዓሉ ኮሚቴ ስለ አንድ የትርፍ ጊዜ ሥራ ንግግር እንዳደርግ ጠይቆኝ እነሆ በፊታችሁ ቆሜአለሁ። ከእናንተ ብዙዎቹ ስለ ቴምብር መሰብሰብ የምናገር ሳይመስላቸው አልቀረም። ቴምብር መሰብሰብ መልካም ነገር ነው፤ በ1894 በፓሪስ ታትሞ የወጣውን፥ የዳግማዊ ምኒልክ ሥዕል ያለበትን ቴምብር በእጁ የያዘ ሰው ደስ እንደሚለው ማንም አይክድም። የእኔ ነገር ግን ለዚህ የሚቀርብ ሆኖ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ይኸውም የቀድሞ ታላላቅ ፊልሞች በቤት ውስጥ እንዲታዩ በጥቂት ቁጥር ተባዝተው የሚወጡባቸውን ጥቅሎች፥ ካሴቶችና ዲስኮች ፈልጎ መሰብሰብ ነው። የምጠራው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላስታውቅ።

ከመካከላችሁ በልቡ «ፊልም ሁሉ በእጅ ስልክ በሚታይበት በዛሬው ዘመን ይህ ሰው ሣጥንና ዲስክ ተሸክሞ ምን ያደርጋል?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም። አስቀድሞ ፊልም ምን ዓይነት ዕቃ እንደ ሆነና እንዴት እንደሚጠፋ ማወቅ ያስፈልጋል።

መጽሐፍ ከታተመ በኋላ በብዙ ቤት ተበትኖ ይኖራል። አንዱ ቤት ቢቃጠል በሌላው ይገኛል። የሲኒማ ፊልም ግን በመጀመሪያው ዘመን እንደ መጽሐፍ ለሕዝብ የሚሸጥ ዕቃ አልነበረም። ኩባንያው ጥቂት ቅጂዎች አዘጋጅቶ ለሲኒማ ቤቶች ያከራያል፤ ማሳየቱ ሲያበቃ መልሶ ይሰበስባል፤ ገበያው ሲቀዘቅዝም ብዙውን ጊዜ በፊልሙ ውስጥ ያለውን ብር ለማውጣት ሲል ያጠፋዋል። በዚህም ላይ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የሲኒማ ፊልም የሚሠራው ናይትሬት ከሚባል ነገር ነበር። ናይትሬት እሳት ከያዘው የሚያነደውን ኦክሲጅን ራሱ ስለሚያወጣ ውኃ ውስጥ ቢገባ እንኳ አይጠፋም። በ1937 በኒው ጀርሲ ሊትል ፌሪ በምትባል ከተማ የፎክስ ኩባንያ የፊልም መጋዘን ተቃጥሎ የኩባንያው አብዛኞቹ ድምፅ አልባ ፊልሞች በአንድ ቀን ዐመድ ሆኑ። የአሜሪካ የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት፥ በአሜሪካ ከተሠሩት ወደ 11,000 ከሚጠጉ ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች መካከል በመጀመሪያ መልካቸው ሙሉ ሆነው የተገኙት ከመቶ 14 ብቻ መሆናቸው ተገልጧል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ጥፋት መካከል የተረፈው እንዴት ተረፈ? አንዳንዱን መንግሥታት ባቋቋሟቸው የፊልም ቤተ መዛግብት ውስጥ እናገኘዋለን። ጥቂት የማይባለውን ግን ያዳኑት ጎረቤቶቻቸው እንደ እብድ የሚቈጥሯቸው፥ ቤታቸውን በጥቅልና በሣጥን ያጣበቡ ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ሥራውን የጀመረው እንደ እናንተ ተማሪ ሳለ ነው። ስለ እርሱ ረዘም አድርጌ ብናገር አትቈጡኝ።

በፈረንሳይ አገር ፓቴ የሚባለው ኩባንያ በ1922 «ፓቴ ቤቢ» የተባለ ትንሽ የቤት ፕሮጀክተር አወጣ። ፊልሙ ስፋቱ 9.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ጥርሱ የሚገባበት ቀዳዳም በዳርና በዳር ሳይሆን በመካከል፥ በሥዕልና በሥዕል መካከል ነው። የተሠራውም በቀላሉ እሳት ከማይዘው ነገር ስለ ሆነ በሳሎን ውስጥ ያለ ሥጋት ይታያል። ፊልም ለመቈጠብ ሲሉ ያደረጉት ዘዴም የሚያስደንቅ ነው፤ ጽሑፍ ያለበት ሥዕል ሲደርስ በፊልሙ ጠርዝ ላይ ያለች ትንሽ ጭረት መኪናውን ለጥቂት ሰከንድ ታቆመዋለች፤ ተመልካቹ አንብቦ ሲጨርስ ጥቅሉ ይቀጥላል። ፓቴ ታላላቅ ፊልሞችን እያሳጠረ በዚህ መጠን ለቤተሰብ መሸጥ ጀመረ። በቤት ውስጥ የሚታይ ፊልም ንግድ ከቪዲዮ ካሴት ከኀምሳ ዓመት በላይ ይቀድማል ማለት ነው።

በእንግሊዝ አገር በ1938 የተወለደው ኬቪን ብራውንሎው ገና ልጅ ሳለ ወላጆቹ እንደዚህ ያለ ፕሮጀክተር ሰጡት። ድምፅ አልባ ፊልም በዚያን ጊዜ የተናቀ ነገር ነበር፤ ሰው ሁሉ እንደ ቀልድ ይመለከተው ነበር። ልጁ ግን በኪስ ገንዘቡ ከየሱቁ አሮጌ ጥቅል እየገዛ ማየት ጀመረ። በ1954፥ ዕድሜው 15 ገደማ ሲሆን፥ ሁለት የ9.5 ሚሊሜትር ጥቅሎች እጁ ገቡ። እነዚህም አቤል ጋንስ የተባለው ፈረንሳዊ ሠርቶት ሚያዝያ 7 ቀን 1927 በፓሪስ ኦፔራ ቤት ከታየው «ናፖሌዎን» ከተባለው ፊልም የተቈረጡ ነበሩ። ተማሪው እነዚያን ሁለት ጥቅሎች ባየ ጊዜ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሥራ እንዳላየ ተረዳ፤ ካሜራው ይሮጣል፥ ይጋልባል፥ ሥዕል በሥዕል ላይ ይደረባል። «የቀረው የት አለ?» ብሎ ጠየቀ። የቀረው ግን በብዙ አገር ተበታትኖ፥ ተቈራርጦ፥ በየዘመኑም የተለያየ ሰው እንዳሻው ሰፍቶት ነበር።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ብዙ ሰብሳቢ ሁለቱን ጥቅሎች በመደርደሪያ ላይ አኑሮ፥ ለእንግዳ እያሳየ ይኖር ነበር። ብራውንሎው ግን በየሰብሳቢው ቤትና በየቤተ መዛግብቱ እየዞረ ቍርጥራጩን ከቍርጥራጭ ጋር ያስተያይ ጀመር። ሥራው ዓመት ሁለት ዓመት የወሰደ አይምሰላችሁ፤ ጐልማሳ ሆኖ፥ ራሱም ፊልም ሠሪና ጸሐፊ ከሆነ በኋላ እንኳ አልተወውም። በ1979 አሜሪካ ውስጥ ኮሎራዶ ባለችው ቴሉራይድ ከተማ፥ ሌሊት በሜዳ ላይ ፊልሙ ተመልሶ ሲታይ፥ አቤል ጋንስ 89 ዓመት ሆኖት በሆቴሉ መስኮት በኩል ይመለከት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በሎንዶን ካርል ዴቪስ ባዘጋጀው ሙዚቃ፥ በሙሉ ኦርኬስትራ ታጅቦ ታየ። ጋንስ በኅዳር 1981 ሞተ። ሽማግሌው ሥራው ከሞት ሲነሣ አይቶ መሞቱን ባሰብሁ ቍጥር፥ ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በአንድ ተማሪ ሁለት ትናንሽ ጥቅሎች መሆኑ ይገርመኛል። በ2010 የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ለብራውንሎው የክብር ኦስካር ሰጠው።

ነገር ግን ፊልሙ መዳኑና በሰው እጅ መግባቱ የተለያየ ነገር ነው። በአሜሪካ የማሳየቱ ሥራ በፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ እጅ ስለ ነበረ፥ በ1981 በኒው ዮርክ የታየውና በኋላም በቪዲዮና በሌዘር ዲስክ የወጣው አራት ሰዓት ያህል የሚፈጀው፥ የአባቱ የካርማይን ኮፖላ ሙዚቃ የተጨመረበት ነበር። አምስት ሰዓት ተኩል የሚፈጀው የብራውንሎው «ናፖሌዎን» በብሪቲሽ ፊልም ኢንስቲትዩት አማካይነት በዲስክ የወጣው በኅዳር 2016 ነው። ከሁለቱ ጥቅሎች እስከዚያ ድረስ ስድሳ ሁለት ዓመት አለፈ። ከዚያም ወዲህ የፈረንሳይ ሲኒማቴክ ሰባት ሰዓት የሚያህል ሌላ እድሳት ሠርቶ የመጀመሪያውን ክፍል በ2024 በካን አሳይቷል። ስለዚህ አንድ ሰው «ናፖሌዎንን አይቻለሁ» ቢላችሁ፥ የትኛውን እንዳየ ጠይቁት።

ይህ «የትኛውን?» የሚለው ጥያቄ የሰብሳቢ ሥራ ሁሉ ሥር ነው። ካሴት እስኪመጣ ድረስ ተራ ሰው የሚጠይቀው አልነበረም፤ የቀረበለትን አይቶ ይመለሳል። ሶኒ ቤታማክስን በ1975፥ ጄቪሲ ደግሞ ቪኤችኤስን በ1976 አወጡ፤ በ1977 በሚሺጋን የነበረ ማግኔቲክ ቪዲዮ የተባለ ትንሽ ድርጅት ከፎክስ ኩባንያ 50 ፊልሞችን በካሴት ለመሸጥ ፈቃድ አገኘ። ከዚያ በኋላ ጐርፉ መጣ። ካሴት ግን ለፊልም ክፉ ጌታ ነበር፤ ሰፊውን የሲኒማ ሥዕል ለቴሌቪዥኑ መስኮት ሲል ግራና ቀኙን ይቈርጠዋል፤ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲነጋገሩ አንዱ አፍንጫው ብቻ የሚታይበት ጊዜ ነበር።

በ1984 ክራይቴሪዮን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ሠላሳ ሳንቲሜትር በሚያህለው ሌዘር ዲስክ ላይ «ሲቲዝን ኬን»ንና «ኪንግ ኮንግ»ን አወጣ። በ«ኪንግ ኮንግ» ዲስክ ላይ ሮናልድ ሄቨር የተባለ የፊልም ታሪክ ዐዋቂ ፊልሙ በሚታይበት ጊዜ አብሮ እየተናገረ ያስረዳ ነበር፤ በቤት ውስጥ መምህር አጠገባችሁ ተቀምጦ እንደሚያስተምራችሁ ቍጠሩት። ሰፊውን ሥዕልም ሳይቈርጡ፥ ከላይና ከታች ጥቍር እየተዉ ማውጣት ልማድ እየሆነ መጣ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ዲቪዲና ብሉ-ሬይ የሚያስመሰግናቸው ነገር ሁሉ፥ ጥቂት ሰዎች ብቻ ይገዙት ከነበረው ከዚያ ከባድ ዲስክ የተወረሰ ነው።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር፤ ይህንን ታናናሾቹ ተማሪዎች ይወዱታል። በ1977 የወጣውን «ስታር ዎርስ» ሠሪው ጆርጅ ሉካስ በ1997 አዳዲስ ትርኢት ጨምሮ ለወጠው፤ ከዚያም በኋላ መለወጡን አልተወም። አባቶቻችሁ በወጣትነታቸው ያዩት ፊልም ከገበያ ጠፋ። በ2006፥ ከመስከረም 12 እስከ ታኅሣሥ 31 ብቻ በተሸጠ ዲቪዲ፥ የመጀመሪያው መልክ እንደ ምርቃት ተጨምሮ ወጣ፤ እርሱም በ1993 ለሌዘር ዲስክ ከተዘጋጀው የተወሰደ ስለ ነበረ ጥራቱ ደካማ ነው። ይሁን እንጂ ሰዎች ፈለጉት። ደራሲ ሥራውን ማሻሻል አይችልም አልልም፤ ነገር ግን ሕዝብ ያየውንና የወደደውን ከሕዝብ ዓይን መሰወር በእኔ አስተያየት ትክክል አይደለም። ስለዚህ የ2006ቱን ዲቪዲ ያኖረ ሰው የንብረት ብቻ ሳይሆን የምስክርነት ባለቤት ነው።

አሁን ስለ ውሱን እትም ጥቂት እናገራለሁ። ዲስኩ ለምን ጥቂት ይሆናል? ብዙ ሰው ዋጋውን ለማስወደድ የተደረገ ተንኰል ይመስለዋል። እንዲህ ያለም አለ፤ ግን ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ውል ነው። ፊልሙ የትልቁ ኩባንያ ንብረት ነው፤ ኩባንያው ራሱ ቢያወጣው አያተርፈውም፤ ስለዚህ ለትንሽ ድርጅት «ይህን ያህል ቅጂ፥ ለጥቂት ዓመት» ብሎ ይፈቅድለታል። ትዋይላይት ታይም የተባለው ድርጅት በ2011 ተቋቁሞ አብዛኞቹን ፊልሞች በ3,000 ቅጂ ብቻ ያወጣ ነበር፤ በ2020 ተዘጋ። ውል ሲያልቅ ደግሞ ዝነኛው ፊልም እንኳ ብርቅ ይሆናል። ካሮል ሪድ በ1949 የሠራው «ሦስተኛው ሰው» የተባለው ፊልም በክራይቴሪዮን ብሉ-ሬይ ወጥቶ ሳለ የማውጣት መብቱ ወደ ሌላ ኩባንያ ስላለፈ እትሙ ተቋረጠ፤ ወዲያውም ሰብሳቢዎች ይሻሙበት ጀመር።

ወላጆች ይህን ሲሰሙ ኪሳቸውን እንደሚጨብጡ ይታየኛል። አይዞአችሁ። አሮጌ የሆነ ሁሉ ብርቅ አይደለም። ጥቍር አልማዝ የሚመስል ምልክት ያለባቸው የዲዝኒ ካሴቶች በሺህ የሚቈጠር ዶላር ያወጣሉ የሚል ወሬ ዓለምን ዞሮአል። «ውበቲቱና አውሬው» የተባለው ፊልም ግን በ1992 በካሴት ሲወጣ ከ20 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። በሃያ ሚሊዮን ቤት የሚገኝ ዕቃ እንዴት ብርቅ ይሆናል? ሻጭ የሚጠይቀው ዋጋና ገዢ የሚከፍለው ዋጋ እንደማይገናኝ ገበያ የዋለ ሁሉ ያውቃል።

ስለ ዲስክ ስንነጋገር በእኛ አገር ለሚኖር ሰው የሚያስፈልግ አንድ ዕውቀት አለ። ኩባንያዎቹ ዓለምን በክፍል ከፍለዋታል። በብሉ-ሬይ አከፋፈል አሜሪካ «ኤ» ስትሆን አፍሪካና አውሮፓ «ቢ» ናቸው። እንግዲህ አጎታችሁ ከዋሽንግተን የላከው ማጫወቻ አክስታችሁ ከሎንዶን ያመጣችውን ዲስክ እምቢ ቢል አትደንግጡ፤ አልተበላሸም፥ ክፍሉ ተለይቶበት ነው። በአንጻሩ ለእኛ ክፍል የተሠራ ማጫወቻ ከእንግሊዝ የመጣውን ብሉ-ሬይ ያለ ችግር ያጫውታል። ለዲቪዲ ግን አከፋፈሉ ሌላ ነው፤ እንግሊዝ 2 ስትሆን እኛ 5 ነን። ስለዚህ ከመግዛት በፊት በጀርባው ያለውን ምልክት ማየት ነው።

ስለ ውጭ አገር ፊልም ብቻ መናገሬ ቅር ያሰኛችሁ ይሆናል። የጐንደሩ ተወላጅ ኀይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም በ1976 አወጣ፤ በጥቍርና ነጭ፥ በ16 ሚሊሜትር የተነሣ፥ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ሥራ ነው። በ1993 ደግሞ ስለ ባርነት «ሳንኮፋ»ን ሠራ። የአሜሪካ የፊልም አከፋፋዮች አንቀበልም ስላሉት እርሱና ወዳጆቹ ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ከከተማ ወደ ከተማ አሳዩት፤ በዋሽንግተንም በሐዋርድ ዩኒቨርስቲ አጠገብ በከፈተው የመጻሕፍትና የቪዲዮ ቤት ሥራዎቹን እየሸጠ ኖረ። «ሳንኮፋ» ታድሶ በ2021 በዓለም ዙሪያ እስኪቀርብ ድረስ፥ ፊልሙን ለልጆቻቸው ያሳዩ ብዙ ቤተሰቦች ያሳዩት ከዚያ ቤት በተገዛ ካሴትና ዲስክ ነው። በእኛ አገር መሳቢያዎች ውስጥ እንዲህ ያለ ስንት ካሴት በአቧራ ተሸፍኖ ይኖር ይሆን? ተማሪዎች፥ አያቶቻችሁን አስፈቅዳችሁ ፈልጉ፤ የሠርግ ካሴት መስሏችሁ የምትጥሉት ምን እንደ ሆነ ሳታዩ አትጣሉ።

ሰብሳቢዎችን ሁሉ አመሰገንሁ አትበሉኝ። በ2022 በአሜሪካ በተደረገ ጨረታ «ወደ ፊት መመለስ» የተባለው ፊልም ካሴት፥ ማሸጊያው ሳይፈታ፥ በ75,000 ዶላር ተሽጧል። ገዢው ማሸጊያውን ቢፈታ ዋጋው ይወድቃል፤ ስለዚህ አያየውም፤ ሳያየውም የካሴቱ መግነጢስ በራሱ ጊዜ እየደከመ ይሄዳል። ይህን የመሰለውን ሰው ሰብሳቢ ከምለው መጋዘን ጠባቂ ብለው ይቀለኛል። በሌላ በኩል በአርጀንቲና አንድ የፊልም ሐያሲ ለግሉ ያኖረው የ«ሜትሮፖሊስ» ቅጂ ከእርሱ ወደ መንግሥት፥ ከመንግሥትም ወደ ቦነስ አይረስ የሲኒማ ሙዚየም አለፈ። በ2008 ሲመረመር ከ1927 ጀምሮ ለዘለዓለም ጠፋ የተባለው 25 ደቂቃ ያህል ክፍል በውስጡ ተገኘ። ጭረት በጭረት ነበር። እንዲያም ሆኖ በየካቲት 2010 በበርሊን ሲታይ፥ ሰማንያ ዓመት ሙሉ ትርጕሙ ያልገባ ታሪክ ተገጣጠመ።

አያያዙን በአጭሩ ልንገራችሁ። ዲስክን በጠርዙ ያዙ፤ ከመካከል ወደ ዳር ቀጥ አድርጋችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ እንጂ በክብ አታሽከርክሩ። ከፀሐይ አርቁ፤ እንደ መጽሐፍ አቁሙ እንጂ አትደራርቡ። ካሴት ዋና ጠላቱ እርጥበት ነው፤ በክረምት ሻጋታ የያዘውን ካሴት ወደ መኪናው ብትከቱት መኪናውንም ቀጣዩንም ካሴት ያበላሻል። ሌዘር ዲስክ ደግሞ ሁለቱ ገጾች የተጣበቁበት ሙጫ ሲከዳው በውስጡ ያለው አሉሚኒየም ይበላሻል፤ ለዚህ መድኀኒት የለውም። መኪናውም ያልቃል፤ የቪኤችኤስ ማጫወቻ ይሠራ የነበረው የመጨረሻው ታላቅ ፋብሪካ በ2016 ሥራውን አቁሟል። ስለዚህ በካሴት ላይ ብቻ ያለ የራሳችሁ የቤተሰብ ሥዕል ካለ፥ መኪናው ሳለ አስገልብጡት።

በስልክ ስለሚታየው ፊልም የተነሣውን ጥያቄ አልረሳሁም። ኔትፍሊክስ ራሱ በ1998 የጀመረው ዲቪዲ በፖስታ እያከራየ ነበር፤ ያንን ሥራ መስከረም 29 ቀን 2023 አቆመ። በዚያ የኪራይ መደርደሪያ ላይ የነበሩ ብዙ አሮጌ ፊልሞች ወደ ስልኩ አልተሻገሩም። በስልክ የምታዩት ፊልም ዛሬ አለ፤ ውሉ ሲያልቅ ማታ ላይ የለም፤ ማን እንዳነሣውም አይነገራችሁም። እኔም በስልክ አያለሁ፥ አልከለክልም። የምወደውን ፊልም ግን ከመደርደሪያዬ ላይ ማንም ሰው ተነሥቶ ሊወስድብኝ አይችልም።

በዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለው ሣጥን የወንድሜ ልጅ ከሎንዶን ያመጣልኝ የ2016ቱ «ናፖሌዎን» ነው። በመጨረሻው ክፍል ጋንስ ሦስት ሸራዎችን ጎን ለጎን ዘርግቶ ሦስት ፊልም በአንድ ጊዜ ያሳይ ነበር፤ በአንድ ቴሌቪዥን ላይ ሥዕሉ እንደ ቀጭን መቀነት ሆኖ ይታያል፤ ለዚህም ሲሉ ሦስቱን ለየብቻ ጨምረውልናል። የፊዚክስ ክበብ አባሎች ሦስት ፕሮጀክተር አገጣጥመው እኩል ማስነሣት ይችሉ እንደ ሆነ ቢሞክሩት፥ ዲስኩን በደስታ አውሳለሁ።

ዛሬ ግን የምናየው መጀመሪያውን ነው። ጊዜው 1783 ክረምት፥ ቦታው ብሪዬን የሚባል የወታደር ትምህርት ቤት፥ ጠቡም በተማሪዎች መካከል የሚደረግ የበረዶ ውርወራ ነው። ጋንስ ካሜራውን ከእግሩ ነቅሎ በልጆቹ መካከል ሰደደው፤ ማን ማንን እንደሚመታ እስኪጠፋችሁ ድረስ ሥዕሉ ይፈጥናል። ቈየት ብሎም በመኝታ ቤት ውስጥ የትራስ ድብድብ ይመጣል፤ በዚያ ሸራው ዘጠኝ ቦታ ሲከፈል ታያላችሁ። ጥያቄ ያላችሁ ከፊልሙ በኋላ ጠይቁኝ። በመስኮቱ አጠገብ ያላችሁ ተማሪዎች መጋረጃውን ዝጉልን።